ቀይ ክዳን፣ አረንጓዴ ክዳን፦ ለፊሊፒኖ ምሳ ሐረር የሄድኩ ጊዜ

ከሐረር የተመለስኩ ዕለት የማኅበራችን ሴቶች በሬ ላይ ቆማችሁ «እንዴት ነበር?» ስትሉኝ «ደህና ነው» ብዬ ገባሁ። ያን ጊዜ ከዚያ የሚበልጥ ቃል አልነበረኝም። አሁን ቀስ እያልኩ ልጽፈው ነው። እናንተ እንደሆነ ሐረር አትሄዱም፤ አንዷን ጉልበቷ፣ አንዷን የልጅ ልጇ፣ አንዷን ላሟ አይለቋትም። ስለዚህ እኔ እንደሄድኩት በየቀኑ ላስኪዳችሁ።

ባለቤቴ ኃይሉ የሐረር ልጅ እንደነበረ ያልሰማ የለም፤ እሱ ራሱ ለሁሉም ተናግሯል። አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ደብረ ብርሃን ላይ ያየው ነገር ሐረር ካለው እንዳነሰበት ነው የኖረው። ብርቱካናችን የሐረርን አያህልም፣ ሰላምታችን ይቀዘቅዛል፣ ዝናባችን እንኳ ሥርዓት የለውም። «አንድ ቀን ወስጄ አሳይሻለሁ» ይለኝ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ መንገዱ ሲስተካከል፣ ጡረታ ስወጣ ሲል ጡረታ ወጣ፤ ሳይወስደኝም ሄደ።

ሙት ዓመቱን ካወጣን በኋላ ከሐረር ሁለት ስልክ ተደወለልኝ። የመጀመሪያው የዋርሳዬ የፍሥሐ ነው። ፍሥሐ የኃይሉ ታናሽ ወንድም፣ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ሆኖ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ጡረታው ግን ከቢሮው እንጂ ከሥራው አልለየውም። «እትዬ ወይንሸት» አለኝ፣ «የአባታችን ቤት የእባብ ሾርባ መሸጫ ሆኗል።» ነገሩ እንዲህ ነው፦ የሟች እህታቸው ልጅ ሮማን ኩዌት ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ተመልሳ፣ በአያቷ ቤት የፊት ክፍል የፊሊፒኖ ምግብ ቤት ከፍታለች። ፍሥሐ ክፍሉን ለሥጋ ቤት የሚፈልግ ሰው አግኝቷል። ነገር ግን የሕግ ሰው ነውና ያለ ታላቅ ወንድሙ ቃል ቤት አይዘጋም፤ ታላቅ ወንድሙ ስለሞተ ደግሞ ቃሉ እኔ ዘንድ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤተ ዘመዱ እዚያው ሊሰበሰብ ነው። እኔ ይዘጋ ካልኩ ይዘጋል።

ሁለተኛው ስልክ የሮማን ነበር። አልለመነችኝም። «ይዘጋ ከተባለ ወደ ኩዌት እመለሳለሁ እትዬ፤ ደላላው መደወል አልተወም» አለችኝ። ቀጥላም «ብቻ ሳይቀምሱ አይፍረዱብኝ» አለችና ዘጋችው።

ሐሙስ

ጠዋት ቁርስ ሠርቼ ግማሹን በላሁ፤ ግማሹ ተረፈ። ኃይሉ ካረፈ ወዲህ እጄ ለሁለት ሰው መለካት አልተወም፤ ሽሮውንም፣ ውሃውንም፣ ጨውንም። የሚተርፈውን ለማንም ሳልናገር ለጎረቤቴ ውሻ እሰጣለሁ። ውሻው ወፍሯል። ባለቤቱ «ይኼ ውሻ ምን አግኝቶ ነው?» ሲል ሰምቻለሁ።

ለሮማን ስጦታ የአገራችንን ወፍራም ብርድ ልብስና በፌስታል ደራርቤ ያሰርኩት ለጋ ቅቤ ያዝኩ። ብርድ ልብስ ወደ ሐረር፣ ቅቤ ደግሞ በአዋሽ በረሃ በኩል። ምን ያህል አገር እንዳላየሁ ከጓዜ ታውቃላችሁ።

ሌሊቱን አዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ ኮንዶሚኒየም አደርኩ። ደረጃው ነፍሴን አወጣው፤ እሷ ግን «ከላይ ሲኖሩ አየሩ ጥሩ ነው» አለችኝ፤ መስኮቱን ከፍቼ ባየው የሌላ ኮንዶሚኒየም መስኮት ነው። የምሄድበትን ስነግራት ሳቀች። አዲስ አበባ የኮሪያ ምግብ አለ፣ የህንድ አለ፣ የሶሪያ አለ፤ ለምግብ ብሎ ሐረር የሚሄድ ሰው አልሰማሁም አለች። ከእነዚህ የትኛውን እንደቀመሰች ጠየቅኳት። አንዱንም አልቀመሰችም። «ግን አለ» አለችኝ። የአዲስ አበባ ሰው ሀብት እንዲህ ነው፤ ባይበላውም አለው።

ዓርብ

አውቶቡሱ ጎሕ ሳይቀድ ተነሣ። ከጎኔ ሐረር ለሠርግ የሚሄድ አንድ ጎልማሳ ተቀመጠ። ሻንጣ ውስጥ እንዳይጨማደድበት ብሎ ሙሉ ልብሱን ለብሶት ነበር፤ ግራጫ፣ አዲስ። ቅቤዬን ከእግሬ ሥር አድርጌ ነበርና «እዚያ ይረገጣል እናቴ» ብሎ አንሥቶ ከመካከላችን አስቀመጠልኝ።

አዳማን አልፈን አዋሽ ስንደርስ ሙቀቱ በመስኮት ሳይሆን በጣሪያው የገባ መሰለኝ። ለእኔ ዓይነቷ፣ በሰኔ ጋቢ ለምትደርብ ሴት፣ ይኼ ቅጣት ነው። ቅቤውም እንደኔ አልቻለም፤ ቀልጦ ፈሰሰ። ሰውዬው እግሩን ሲያነሣ ሱሪው ላይ የደብረ ብርሃን ካርታ ተስሎ አየን። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሱ ግን ጥቂት አይቶት «ግድ የለም፣ ወደ ሠርግ ነው የምሄደው። ቅቤ ሠርግ ቤት እንግዳ አይደለም» አለኝ። ነጠላዬን ጉልበቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ እንደ አራስ ተሸፋፍኖ መንገዱን ጨረሰ።

አሰበ ተፈሪ ላይ ለምሳ ወረድን። ዓርብ ስለሆነ ሁለታችንም ሽሮ አዘዝን፤ እሱ የራሱን፣ እኔ የራሴን። እየበላሁ ሳለ ዓይኑ ትሪዬ ላይ ቀረ። «የሚመጣ ሰው አለ እንዴ?» አለኝ። ባየው እንጀራውን ከመካከል ከፍዬ ከወዲህ በኩል ያለውን ብቻ በልቻለሁ፤ ወዲያኛው ወገን ሽሮው እንኳ አልተነካም። የለም አልኩት። እንግዲያው ልጨርስልዎት ብሎ ጨረሰው። ሲጨርስም አላመሰገነኝም፤ ይኼም ደስ አለኝ።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ተራራ ነው። እርሻው በእርከን በእርከን ወጥቶ ጫፉ ድረስ ማሽላና ጫት ነው፤ የኛ ገበሬ ቢያየው መሰላል ይጠይቃል። የቁልቢ ገብርኤልን በመስኮት ተሳለምኩ። አወዳይ ላይ ሕዝቡ ሁሉ ቅጠል ታቅፎ ሲሮጥ አይቼ እሳት የተነሣ መሰለኝ፤ የጫት ገበያ ነው አሉኝ። ከዚያ ቀደም ብሎ ኃይሉ «ባሕር በለው» ይለኝ የነበረውን የሐረማያን ሐይቅም አየሁት። አለ፤ ግን ቀጭን ነው። ባል የልጅነት አገሩን ሲያወራ ውሃ ይጨምርበታል ማለት ነው።

ሐረር ስገባ የባጃጁ ልጅ «አንቺ እናቴ፣ የት ነሽ?» አለኝ። እኛ ዘንድ ቢሆን ሽማግሌ ተልኮበት ይቅርታ በጠየቀ። ሐረር ላይ ግን «አንቺ» ማለት እንኳን ደህና መጣሽ ማለት እንደሆነ ኃይሉ ነግሮኛል። ቤቱን ስነግረው ወዲያው አወቀው። «ፊሊፒኗ ጋ? እባብ አለ የሚሉት ቤት?» በልቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት። እሱ አልገባም፤ ሌላ ሰው ሲበላ ለማየት ግን ሁለት ጊዜ ቆሞ ነበር።

ቤቱ ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ሰፊ በረንዳ ያለው የድሮ ቤት ነው። ከበሩ በላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሠዓሊው ፊሊፒኖ አይቶ ስለማያውቅ፣ ፊቷን በትልቅ የሣር ባርኔጣ የሸፈነች ሴት ሥሎ፣ ለማንኛውም ብሎ ከጎኗ ግመል አቁሞላታል። በረንዳው ላይ ፍሥሐ ከዘራውን ይዞ ተቀምጧል። ተነሥቶ አቅፎ ሳመኝ፤ ስለ ኃይሉ ጥቂት አለቀስን። ቤቱ ከተከፈተ ወዲህ እየመጣ እዚህ እንደሚቀመጥና ውሃ እንኳ ቀምሶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ለምን ትመጣለህ ብለው «ልከታተል ነዋ» አለኝ።

ውስጥ ሁለት መምህራን ተቀምጠው ነበር፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድበው የመጡ። ምግብ አላዘዙም፤ የሚጠይቁት ፊሊፒኗ የት እንዳለች ነው። ይህ ችግር ሮማንን ከጅምሩ ያስቸገራት ነው። ሰው ሁሉ ፊሊፒኖ ቤት ፊሊፒኖ አለ ብሎ ይመጣል፤ የለችም ሲባል ተታለልኩ ይላል። ጣሊያን የሌለበት ቤት ገብቶ ፓስታ የሚበላው ያው ሰው ነው። ሮማን መላ አበጀች። ኩዌት አብራት ትሠራ የነበረችውን ማሪሴል የምትባል ፊሊፒናዊት፣ አሠሪዎቿ በሚያሸልቡበት ሰዓት በቪዲዮ ትደውልላታለች። ስልኩን በጨው ዕቃው አስደግፋ ጠረጴዛ ላይ ታቆመዋለች። ማሪሴልም ሽንኩርት እየላጠች ለእንግዶቹ እጇን ታወዛውዛለች። መምህራኑ ተነሥተው ሰላም አሏት፣ ቤተሰቧን ጠየቋት፣ ሮማን በወጥ ቤት ዓረብኛ አስተረጎመች፤ ከዚያ በኋላ ነው ያዘዙት። መሐል ላይ ኔትወርክ ሲቋረጥ ማንኪያቸውን አስቀምጠው እስክትመለስ ጠበቁ።

ለእኔ በአትክልት የተሠራ ቀጭን ፓስታ የመሰለ ነገር አቀረበችልኝ፤ ፓንሲት ይሉታል። ዕድሜ ይረዝማል ተብሎ በልደት ቀን ይበላል አለችኝ። የኛ አገር መኮሮኒ ዕድሜ የሚያረዝም ቢሆን ኖሮ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ማቱሳላ በሆነ። ግን ጣፈጠኝ። ብርድ ልብሱን ስሰጣት ስቃ እንደ መጋረጃ ወጥ ቤቱ በር ላይ ሰቀለችው።

ቅዳሜ

ጠዋት የሮማን ጎረቤት ወይዘሮ ኢክራም መጥታ ጀጎል ውስጥ ወዳለው ገበያ፣ ጊደር መጋላ ይዛኝ ገባች። ኢክራም ቅመም ነጋዴ ናት፤ እኩያዬ ትሆናለች፤ ገና ስታየኝ «አማን ነሽ?» ብላ ክንዴን ያዘች፤ እስክንመለስም አልለቀቀችኝም። የጀጎል መንገድ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ካለፈ ሦስተኛው ግንብ የሚሆንበት ጠባብ ነው። ግድግዳው ግን ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ሮዝ ተቀብቶ ብርሃኑን ይመልሳል። እኛ ዘንድ ቤት የሚቀባው ለጥምቀት ነው።

የሄድነው ሁመር ልንገዛ ነበር። ጥቁር፣ የተጣበቀ፣ ጎምዛዛ ፍሬ ነው፤ ኢክራምና ሰፈሯ በረመዳን ለማፍጠሪያ በጥብጠው ይጠጡታል። ፊሊፒኖች ደግሞ ሾርባቸውን የሚያኮመጥጡት በዚሁ እንደሆነ ሮማን ነግራታለች። ኢክራም ይህን የሰማች ቀን ስለዚያ አገር ያላት ሐሳብ ሁሉ ተለወጠ። «ሁመር የሚያውቅ ሰው እባብ አይበላም፣ ወላሂ» አለችኝ። ለሮማን የምትመርጠውም እሷ ናት።

ስንመለስ ሮማን ለእሑድ እየተሰናዳች ነበር። ዋናው ምግብ አዶቦ ነው፤ ዶሮ በኮምጣጤ፣ በነጭ ሽንኩርትና ከአኩሪ አተር በሚሠራ ጥቁር ስጎ ተቀቅሎ። በርበሬ የለውም። የፍሥሐን ንግግር ልጥቀስላችሁ፤ «ሐዘን የተቀመጠ ዶሮ ወጥ» ብሎታል።

ዶሮው ራሱ ግን ሌላ ጣጣ አለው። እናንተ እንደምታውቁት ክርስቲያን የእስላም ሥጋ፣ እስላምም የክርስቲያን ሥጋ አይበላም። ሐረር ላይ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ተቀላቅሎ ነው የሚኖር፤ አንዱን ጠርቶ አንዱን መተው ነውር ነው። ሮማን ሁሉም በአንድ ቀን በአንድ ቤት እንዲበላላት ፈልጋ፣ ሁለት አንድ ዓይነት ድስት ገዛች። በአንዱ፣ ጎረቤት ያሉት ጡረተኛ ወታደር በስመ አብ ብለው የባረኩት ዶሮ ይገባል፤ ክዳኑ ቀይ ነው። በሌላው የኢክራም ባል በቢስሚላህ ያረደው ይገባል፤ ክዳኑ አረንጓዴ ነው። ድስቱም፣ ኮምጣጤውም፣ እሳቱም አንድ ነው። ክዳን ብቻ ነው የሚለያቸው።

ከሰዓት በኋላ አብረን ነጭ ሽንኩርት ስንልጥ፣ ለምን የሌላ አገር ምግብ እንደመረጠች ጠየቅኳት። ቀስ ብላ ነገረችኝ። እናቷ ስትሞት ሮማን ኩዌት ነበረች፤ በስልክ ነው የተረዳችው። የዚያን ቀን አሠሪዎቿ እንግዳ ነበረባቸውና ዓይኗን ታጥባ ገበታ አቀረበች። እንግዶቹ ሲሄዱ ማሪሴል በአንድ ሳህን ሩዝና አዶቦ አድርጋ፣ ማንኪያ ጨምራ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። የማን ነው አለቻት። «የእናትሽ» አለች ማሪሴል። በእነሱ አገር ለሞተ ሰው ድርሻው በሳህን ይቀርባል። ሁለቱ በሽንኩርት ጆንያ ላይ ከሳህኑ ግራና ቀኝ ተቀመጡ፤ ሌላ ለቅሶ አልነበረም።

«ለቅሶዬን የደረሰችልኝ እሷ ብቻ ናት እትዬ» አለችኝ ሮማን። «የእሷን አገር ምግብ ለሰው ማብላት ነውር ነው?»

ሌላ ነጭ ሽንኩርት አነሣሁ። ቃሌ የእሑድ ነው።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቤቱ ሞልቶ ነበር፤ በአንድ ወገን ቤተ ዘመድ፣ በሌላው ወገን የኢክራም ቤተሰብና ጎረቤት። ፍሥሐ ከረባት አስሮ በመሐል ተቀምጧል። የእንግዳ ወንበር ሰጡኝ። እኔ ግን ታውቁኛላችሁ፤ ሌላ ሴት እሳት ዳር ቆማ እኔ ተቀምጬ መጠበቅ አልችልበትም። ወጥ ቤት ገባሁ። የሁለቱ ድስቶች ክዳን ጥቀርሻ ይዞት አየሁ። አነሣኋቸው፣ ጓሮ ወስጄ በአሸዋ አሸሁ፣ አለቀለቅሁ፤ ተመልሼም ቀዩን በግራው፣ አረንጓዴውን በቀኙ ድስት ገጠምኩ። ሳነሣ እንደነበረው ማለት ነው።

ኢክራም ገብታ ክዳኖቹን ስታይ አመሰገነችኝ። ቀጥላም የሩዙን ድስት ለመጣድ ቦታ ጠቧት ሁለቱን ድስቶች ስታዟዙር እንደነበር ነገረችኝ። እጄ ላይ ያለው ጨርቅ ወደቀ። መቼ ነው ያዟዟርሽው አልኳት። ቅድም አለች። ቅድም መቼ?

ኃይሉ «ድስት ግጣሙን አያጣም» ይል ነበር። ያን ቀን ሁለት ድስቶች ባንድ ላይ ግጣማቸውን አጡ።

መደበቅ ይቻል ነበር። ግን የሰው ሃይማኖት ነው፤ ወጥቼ ለሁሉም ተናገርኩ። ሮማን ግድግዳውን ተደገፈች። ፍሥሐ መነጽሩን አደረገ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር እጁ ገብቶ አያውቅም። ድስቶቹ ወደ መሐል እንዲቀርቡ አዘዘ፤ እኔን አስቆመኝ፣ የትኛውን ክዳን በየትኛው እጄ እንደያዝኩ ጠየቀኝ። ኢክራምንም አስቆማት።

«ወይዘሮ ኢክራም፣ ድስቶቹን ያዟዟሩት ክዳኑ ከመነሣቱ በፊት ነው ወይስ ከተነሣ በኋላ?»

«አቦ ፍሥሐ፣ እኔ ድስት ነው የያዝኩት፣ ሰዓት አልያዝኩም።»

ክዳን ነበረባቸው ወይስ አልነበረባቸውም ሲላት፣ እንፋሎት እንጂ ሌላ ነገር አላየሁም አለች። ዶሮዎቹን የባረኩት ሁለቱ ሰዎች ተጠርተው የየራሳቸውን እንዲለዩ ተጠየቁ። ጎንበስ ብለው ሲመለከቱ ቆዩ። በሁለቱም ድስት ዶሮው ቡናማ ሆኖ በሰላም ተኝቷል። ወታደሩ አገነጣጠሌን አውቀዋለሁ ብለው አንድ እግር በጭልፋ አወጡ፤ የኢክራም ባልም አይቶ የኔ ነው አለ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ሁለቱም እርግጠኛ ነበሩ። ሽታው ደግሞ ቤቱን ሞልቶታል። በቅዳሴ የዋለ ሕዝብ ነው። ፍሥሐ እያዳመጠ ምራቁን ሲውጥ ከጎኑ ሆኜ ሰምቻለሁ።

መነጽሩን አወለቀ። «እዚህ ቤት የሚበላ ነገር እንደሌለ በምስክር ተረጋግጧል» አለ። «እትዬ፣ እንግዲህ ቃልዎን ይስጡ።»

ሮማን አላለቀሰችም። ስልኳን ከኪሷ አውጥታ ተመለከተችው። ደላላው መሰለኝ የደወለው። ያጠፋሁት እኔ፣ የምትሄደው እሷ።

በዚህ መሐል ኢክራም ከወጥ ቤት አንገቷን አወጣች። «ዓሣውንስ ማን አረደው?» አለች።

ዓሣን ማንም አያርደውም፤ ከውሃ ሲወጣ በራሱ ጊዜ ይሞታል። ሮማን ከጥግ አንድ ትልቅ ብረት ድስት ሾርባ በዓሣ ሠርታ ነበር፤ የሚጠይቅ ካለ ብላ። ከድሬዳዋ በበረዶ ሣጥን የመጣ ዓሣ፣ የኢክራም ሁመር፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ። ወታደሩ የኢክራምን ባል አዩት፤ እሱም አያቸው። ቢላዋ ያላነሣበት ነገር ስለሆነ ማንም የሚከራከርበት አልነበረውም።

ሮማን ከጀጎል በሮች በአንዱ፣ በኤረር በር በኩል ያስመጣችውን ሰፊ የሙዝ ቅጠል በጠረጴዛው ሙሉ ዘረጋች። ሩዙን በመሐል እንደ ሸንተረር ከመረችው፣ ዓሣውን ደረደረችበት። ፊሊፒኖች ወዳጅ ሲሰበሰብ እንዲህ ቅጠል ላይ አድርገው በእጃቸው ነው የሚበሉ አለች። ይኼን ለመማር ነው እንግዲህ ኩዌት ድረስ የተሄደው። ሁሉም እጁን ታጠበና ከአንድ ቅጠል በላ፤ ወታደሩ የኢክራምን ባል የዓሣውን ሆድ አጎረሱት። ሾርባው አፍ ይነካል፤ መጀመሪያ ፊትን ያኮማትራል፣ ቀጥሎ ሌላ ያስጠይቃል። የሩዙ ነገር ሐረር ላይ አዲስ አይደለም። «አላህ ያውቃል፣ የአያቴ ሁመር ነው» እያለች ኢክራም ሁለት ጊዜ አስጨመረች። ፍሥሐ ብቻ አልበላም። ሆዴን ያመኛል አለ። ከዘራውን ጨብጦ ሌላው ሲውጥ አብሮ ጉሮሮውን ያንቀሳቅሳል።

ስልኩ ጮኸ። ማሪሴል ናት፤ አሠሪዎቿ ተኝተዋል። ሮማን በጨው ዕቃው አስደግፋ ቅጠሉ ራስጌ አቆመቻት። ሁሉም በሞላ አፉ ሰላም አላት። እሷ ግን እኔ ላይ ቀረች፤ ጥቁር ልብሴን አይታ አንድ ነገር ጠየቀች። ሮማን ዝቅ ባለ ድምፅ መለሰችላት፤ ማሪሴል ሌላ ጠየቀች።

«ምን አለች?» አልኳት።

«ሳህኑ የታለ ትላለች። የጋሼ ኃይሉ ሳህን።»

ሮማን ገብታ ሳህን ይዛ መጣች። ሩዝ አደረገች፣ ከዓሣው መካከለኛውን ቁራጭ፣ ከሾርባው ሁለት ጭልፋ። ማንኪያውን በቀኝ በኩል አድርጋ ከጎኔ፣ ባዶ ቦታ ላይ አስቀመጠችው። ፍሥሐ ተቆጥቶ ተነሣ። ለሞተ ሰው ተዝካር ይወጣል፣ ድኻ ይበላል፣ ፍትሐት ይደረጋል፤ ሳህን ይቀርባል የሚል ሥርዓት እኛ ዘንድ የለም አለ። ልክ ነው፤ የለም።

እኔ ግን ሳህኑን እያየሁ ነበር። መጠኑን አወቅኩት። ከሞተ ጀምሮ እጄ በየዕለቱ እየለካ፣ እኔም በየዕለቱ ለውሻ እየሰጠሁት የኖርኩት የኃይሉ ድርሻ ነው። ያንን ያህል ጊዜ ቦታ አጥቶ ሲዞር ኖሮ፣ አባቱ ቤት ገብቶ ተቀመጠ።

ፍሥሐ ድምፁን አለዘበ። «ይሁን። ገበታው ይነሣና ቃልዎን ይንገሩን።»

«ፍሥሐ» አልኩት፣ «ወንድምህ ገና አልጨረሰም። ሰው ሳይጨርስ ገበታ አይነሣም።»

ሊናገር አፉን ከፈተና ሳህኑን አየ። ተመልሶ ተቀመጠ። ኢክራም «አላህ ይርሐመው» አለች፤ ወታደሩ «ነፍስ ይማር» አሉ። ሮማን ስልኩ ውስጥ ለምትጠብቃት ሴት አልተረጎመችም፤ ብርድ ልብሴን ገልጣ ወጥ ቤት ገባች።

ሁለቱን የዶሮ ድስቶች ማንም ሊነካ ስላልቻለ፣ ሁለቱ ሰዎች እንደ ቃሬዛ ተሸክመው ወደ ከተማው ዳር ወሰዷቸው። ሐረር ጅብ ሞልቷል። ጅብ ክዳን አልጠየቀም።

ሰኞ

ከመሄዴ በፊት ሳህን ላጥብ ብዬ ተነሣሁ። የኃይሉ ሳህን ትናንት ሮማን እንዳስቀመጠችው ገበታው ላይ ነበር ያደረው። ባዶ ነው። ሮማን ድመት ነው አለች። አጥንቶቹ ግን ተለቅመው በሳህኑ ጠርዝ፣ በመጠናቸው ቅደም ተከተል ተደርድረዋል። እንዲህ አድርጎ አጥንት የሚያስቀምጥ ድመት ፍርድ ቤት የሠራ መሆን አለበት። ሳህኑን አጥቤ መለስኩት።

መናኸሪያ ድረስ የሸኘኝ ፍሥሐ ነው። ዕቃዬን ለሌላ ሰው አላስያዘም። ኢክራም ለእናንተ የላከችውን ሁመር በእጁ ይዞ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ አውቶቡሱ ጎማ፣ ስለ ሾፌሩ ዕድሜ ሲያወራ ቆየ። ስለ ቤቱ አንድ ቃል አላነሣም፤ ሥጋ ቤቱን ለሚፈልገው ሰው ማለዳ ደውሎ ሌላ ቤት እንዲፈልግ እንደነገረው የሰማሁት ከሮማን ነው። ሞተሩ ሲነሣ ወደ መስኮቴ ተጠጋ።

«እትዬ፣ ለዚያች ልጅ በስልክ ይንገሩልኝ» አለ። «ሁመሩ ደህና ነው። ሩዙ ግን ጨው ይጎድለዋል።»

እሺ አልኩት። ከዘራውን ብድግ አድርጎ አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ቆሞ ቀረ። ከኋላ ሲታይ ትከሻው የኃይሉ ነው።

እናንተን በር ላይ አልፌ የገባሁ ዕለት ሽሮ ሠራሁ፤ እጄ እንደልማዱ ለሁለት ለካ፤ አልተቆጣሁትም። አንዱን ከፊቴ፣ አንዱን ከጎኔ አደረግሁ። የራሴን ስጨርስ ጥቂት ጠበቅሁ፤ ከዚያም የኃይሉን ቀስ ብዬ በላሁለት። ከዚያ ወዲህ ልማዴ ይኸው ነው። ሰሞኑን የጎረቤቴ ውሻ ከስቶ አይታችሁ ምን ነካው እያላችሁ ነው አሉ። ምንም አልነካው፤ ድርሻው የሌላ ሰው ስለነበር ነው።